እሜቴ የጾመችበት ዓመት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የሚፈራ ልጅ መሀል ይግባ፤ የማይፈራ በር አጠገብ ይቀመጥ። ምነው? ሁላችሁም ወደ መሀል? ጉድ እኮ ነው! ቅድም «የሚያስፈራውን ንገሪን» ብላችሁ የነዘነዛችሁኝ እናንተ አይደላችሁ? ይሁን፣ ተጠጋጉ።

ተረቴ መጥታ ደጅ ቆማለች። «ትግባ!» በሏት። አልሰማችም፣ ጮክ በሉ። ጎሽ! ገባች።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ሥር አንዲት መንደር ነበረች። ስሟን አትጠይቁኝ፤ ብነግራችሁም አታውቋትም። ተራራው ላይ ዋሻ አለ። ዋሻው ውስጥ ጭራቅ አለ። የጭራቁ ጥርስ ማረሻ ያህላል፤ የእግሩ ጥፍር ማጭድ ያህላል። የሚወደው ምግብ ምን መሰላችሁ? ልጅ ነው። ያውም ወፈር ያለ ልጅ። አንተ ምን ያስቅሃል? አንተን እኮ ነው የምለው።

«ታዲያ ለምን ወርዶ ሁሉንም አልበላቸውም?» አላችሁ? ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጭራቁ እህል ያለበትን ቤት ደፍ መርገጥ አይችልም። የቤቱ ጎታ ውስጥ እህል ካለ፣ አንዲት ጭብጥ እንኳ ብትሆን፣ ደፉን በረገጠ ጊዜ ገለባ ሆኖ ይቀራል። የጭራቅ ሕግ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።

ጎታ ታውቃላችሁ? ከጭቃና ከጭድ ይሠራል፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ ይቆማል። እህሉን ከላይ ይሞሉበታል፣ ከሥሩ ባለች ቀዳዳ ይቀዱታል፣ ቀዳዳዋን ደግሞ በጨርቅ ይወትፏታል።

ጭራቁ ታዲያ ሎሌዎች ነበሩት። አይጦች! ጨርቁን እየቦጨቁ እህሉን ወደ ዋሻው ያግዙለታል። አንድ ጎታ ባዶ የሆነ ቀን አንድ በር ተከፈተለት ማለት ነው። ደግነቱ በየቤቱ ድመት ነበረ፤ አይጦቹም ብዙ አይራመዱም።

እዚያች መንደር ዳር ላይ ደብሪቱ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ሞቷል። ከእናቷ ከይርገዱና ከታናሽ ወንድሟ ከአበጀ ጋር ትኖራለች። አበጀ ወፍራም ነው፤ ሲሮጥ ጉንጩ ይርገበገባል። ያየው ሁሉ «ሲያምር!» ይላል። ጭራቁም ከተራራው ላይ ሆኖ ሲያየው «ሲያምር!» ይላል።

ድመታቸው ደግሞ እሜቴ ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት ይርገዱ ናት። አቀማመጧ፣ አካሄዷ፣ ሲጠሯት ቀና ብላ አስተያየቷ፣ የትልቅ ሰው ሚስት ነው የምትመስለው። ካልተመቻትም ብትጠሯት ዞር አትልም።

አንድ ዓመት ዓቢይ ጾም ገባ። የመንደሩ ቄስ መምሬ ተድላ ጾሙንና ፋሲካውን ገዳም ሊያሳልፉ ሄዱ። እሳቸው በሄዱ በማግሥቱ፣ ጀንበር ልትገባ ስትል፣ ነጭ ጋቢ እስከ ምድር የለበሱ እንግዳ ይርገዱ ደጅ መጥተው ቆሙ።

«ቤቶች! እንዴት አመሻችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አመሹ አባቴ! ይግቡ እንጂ!» አለች ይርገዱ።

«የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል።»

«ኧረ በእግዜር! ይግቡና እግርዎን ይታጠቡ!»

«የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል።»

«ኧረ አፈር ስሆን!»

«እዚሁ ይሻለኛል አልኩ እኮ!» አሉና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ለመሆኑ እየጾማችሁ ነው?»

«እንዴታ!»

«ድመቲቱስ?»

ይርገዱ ድንግጥ አለች። ስለ ድመት ጾም ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም።

«እናንተ ከሥጋ ርቃችሁ ስትሰግዱ፣ እዚያች ጥግ ላይ ሥጋ ይበላል። ሥጋ የሚበላበት ቤት ጾመ ይባላል? እሰሯት። እናንተ የምትበሉትን ስጧት» አሉና እንግዳው ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

እንግዲህ ደግ ሰው በቶሎ ያፍራል። ይርገዱ አፈረች። መንደሩ ሁሉ አፈረ። መምሬ ተድላ ቢኖሩ ያስቆሟቸው ነበር፤ ግን የሉም። በማግሥቱ የመንደሩ ድመት በሙሉ በገመድ ከምሰሶ ጋር ታሰረ፤ ሽሮም ቀረበለት።

«እማ» አለች ደብሪቱ፣ «ይግቡ ሲባል የማይገባ እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?»

«ዝም በይ! ትሑት ሰው ስለሆኑ ነው።»

እሜቴ ሽሮውን አሸተተችው። «አመሰግናለሁ፤ ሆዴ ግን አያውቀውም» አለች።

ደብሪቱ አዘነችና ንፍሮ አመጣችላት። እሜቴ ንፍሮውን አሸተተችው። «አመሰግናለሁ፤ ሆዴ ግን አያውቀውም» አለች።

ደብሪቱ የባሰ አዘነችና ከእናቷ ተደብቃ ማር አመጣችላት። እናንተ ማር ቢመጣላችሁ ቅሉንም ትልሱታላችሁ። እሜቴ ማሩን ቀመሰችው። «ይኼን ደግሞ ምላሴም አያውቀውም» አለች።

«እንዴት አያውቀውም? ማር እኮ ይጣፍጣል!»

«መጣፈጥ የምትሉት ነገር ለኔ አይገባኝም። ለሱ ምላሴ ላይ በር አልተሠራለትም። ስሚ ደብሪቱ፣ ያንቺ ሆድ ባለሙያ ነው፤ አተር ይቀበልና ደምና ሥጋ ይሠራል። የኔ ሆድ ያን ሙያ አያውቅበትም። እኔ የምኖረው በሥጋ ነው። ዓይኔን የሚያበራልኝ፣ ልቤን የሚያበረታልኝ ነገር ያለው ሥጋ ውስጥ ነው። እሱ ከቀረብኝ መጀመሪያ ጉልበቴ፣ ቀጥሎ ዓይኔ ይሄዳል።»

ይርገዱ ግን «በጾም ሥጋ? የማይሆነውን!» አለች። እሜቴ ነፍሷን ለማቆየት ሽሮውን በግድ ትልስ ጀመር። ፀጉሯ ተነቃቀለ። ምሰሶው ሥር ተጋድማ ትውላለች። አይጦቹስ? አይጦቹማ ከልካይ ጠፋላቸው! ቀን በቀን ይገባሉ፣ ቀን በቀን ይወጣሉ፣ ጉንጫቸውን ሞልተው።

አንድ ቀን ጀንበር ልትገባ ስትል፣ ከጎረቤታቸው ከአያ ዘገዬ ደጅ ወፍራም ድምፅ ተሰማ፦

«ጎታው ጎታው፣ ጎደልህ ወይ?
እህሉ እህሉ፣ አለቅህ ወይ?
ካለ ልመለስ፣ ካለቀ ልግባ!»

አያ ዘገዬ ወደ ጎታው ሮጠ። ጨርቁን ነቀለ። አቧራ ብቻ ወጣ። በሩ ጓ! አለ፤ ጭራቁ ገባ፤ የአያ ዘገዬን ልጅ ብርቄን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። እዚያው አልበላትም። ቁጥብ ጭራቅ ነው፤ ዋሻው ውስጥ እህል እያበላ ሊያሰባት ነው የወሰዳት።

ከዚያ እነ ደብሪቱ ደጅ መጣ። ደብሪቱ አበጀን ወደ እናቷ ገፋችው።

«ጎታው ጎታው፣ ጎደልህ ወይ?
እህሉ እህሉ፣ አለቅህ ወይ?
ካለ ልመለስ፣ ካለቀ ልግባ!»

ደብሪቱ ሰፌድ ከጎታው ሥር አደረገችና ጨርቁን ነቀለች። እህሉ ሰፌዱ ላይ ሽርርርርር አለ።

«አለ! ስማው! ሂድ ከዚህ!» አለች።

ጭራቁ ተነፈሰ። «ዛሬ አለ። ነገ እመጣለሁ» አለና ሄደ።

ደብሪቱ እናቷ እግር ላይ ወደቀች። «እማ፣ አበጀን ሊበላብን ነው! እሜቴን እንፍታት። ኃጢአቱ በኔ ይሁን!»

ይርገዱ አበጀን አየችው፤ ጉንጩ እየተርገበገበ ያለቅሳል። እሷም አለቀሰች። ተነሥታ ገመዱን በገዛ እጇ ፈታችው። «በኔ ይሁን እንጂ ባንቺማ አይሁን» አለች።

እሜቴ ተነሣች፤ ሁለት ጊዜ ተራመደችና ወደቀች። «አልችልም» አለች። «መጀመሪያ መብላት አለብኝ። አንቺ ያዥልኝ።»

«እኔ? አይጥ?»

«አንቺ፣ አይጥ።»

ደብሪቱ አይጥ ትፈራለች። አትሳቁ፤ እናንተም ትፈራላችሁ።

በማግሥቱ ጀንበር ልትገባ ስትል ደብሪቱ ጎታው ሥር ተቀመጠች። ትንፋሿን ዋጠች። ጠበቀች፣ ጠበቀች። ዝም። «ዛሬ አልመጡም» አለች።

«መጥተው ሄዱ» አለች እሜቴ ተጋድማ። «በጀርባሽ በኩል አልፈው። ሲያወሩም ነበር።»

«ምንም አልሰማሁም እኮ!»

«አትሰሚም። አይጥ ከአይጥ ጋር የምታወራው በጣም በቀጭን ድምፅ ነው፤ ከሰው ጆሮ በላይ ያልፋል። ለኔ ግን ጥሩንባ ነው። ጆሮዬን አየሽ? አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ አዞራለሁ። ሳላያት የት እንዳለች አውቃለሁ።»

ወዲያው ከደጅ፦

«ጎታው ጎታው፣ ጎደልህ ወይ?
እህሉ እህሉ፣ አለቅህ ወይ?
ካለ ልመለስ፣ ካለቀ ልግባ!»

ጨርቁን ነቀለች። እህሉ ሽርርር አለ። አጠረ፣ አያችሁ?

«አለ! ስማው! ሂድ ከዚህ!»

«ዛሬ አለ። ነገ እመጣለሁ።»

በማግሥቱ ጀንበር ልትገባ ስትል ደብሪቱ ጎታው ሥር ተቀመጠች። እሜቴ «አሁን፣ በስተግራሽ!» አለች። ደብሪቱ በስተግራዋ ዘላ ወደቀች። የያዘችው አሮጌ ጫማ ነው።

«ጨለማ ነው! አላየሁም!»

«ለኔ አልጨለመም። ዓይኔ ከበስተኋላው እንደ መስታወት ያለ ነገር አለው። የገባችውን ጭላንጭል መልሶ ያቀብለኛል፤ አንዷን ብርሃን ሁለት ጊዜ አያታለሁ ማለት ነው። ማታ ዓይኔ ሲያበራ የምትደነግጪው ከሱ የተነሣ ነው። ድፍን ጨለማ ከሆነ እኔም አላይም። አይጦች የሚወጡት ሲመሽና ሲነጋ ነው፤ እኔም የተሠራሁት ለዚያ ሰዓት ነው። አንቺ ለቀን ነው የተሠራሽው፣ ምን ታደርጊ።»

ወዲያው ከደጅ፦

«ጎታው ጎታው፣ ጎደልህ ወይ?
እህሉ እህሉ፣ አለቅህ ወይ?
ካለ ልመለስ፣ ካለቀ ልግባ!»

ጨርቁን ነቀለች። እህሉ ሽር አለ።

«አለ! ስማው! ሂድ ከዚህ!»

«ዛሬም አለ። ነገ እመጣለሁ።» አሁን እየሳቀ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጀንበር ልትገባ ስትል ደብሪቱ ቅል ይዛ ጎታው ሥር ተቀመጠች። «ዓይኔን እጨፍናለሁ» አለች። «አንቺ ጆሮ ሁኚኝ፣ እኔ እጅ እሆናለሁ።»

«ጥሩ ብለሻል» አለች እሜቴ። «ቆይ… ቆይ… በስተቀኝ እየመጣች ነው… ቆይ… ቆመች… አሁን!»

ደብሪቱ ቅሉን ደፋችው። ውስጡ ተንኮሻኮሸ! እጇን ወደ ሥሩ ሰደደች፤ አይጧም ጣቷን ነከሰቻት። «ውይ! ውይ እናቴን!» ብትልም አለቀቀችም። እያለቀሰች ወስዳ እሜቴ ፊት አስቀመጠቻት። እሜቴም በላች፤ ከራሷ እስከ ጅራቷ።

«ጥርሷን አየሽው?» አለች እሜቴ አፏን እየላሰች። «አይጥ ትንሽ ብትሆንም ጅል አይደለችም። ለዚህ ነው እኔ ቶሎ ወደ አፌ የማልወስዳት። እይዛታለሁ፣ እለቃታለሁ፤ እይዛታለሁ፣ እለቃታለሁ። ሰው ሲያይ ‹ትጫወታለች› ይላል። ጨዋታ አይደለም። አድክሜያት መንከሱን ስትተው ነው አንገቷን የምይዛት። ዓይኔን ብትነክሰኝ በምን ላድን?»

የዚያን ቀን ማታም ጭራቁ መጣ፣ ሰማ፣ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ደብሪቱ በየቀኑ ታድናለች፣ እሜቴ ትበላለች። ቀስ በቀስ ፀጉሯ መልሶ በቀለ፣ ዓይኗ በራ። አንድ ማለዳ ደብሪቱ ብትነሣ እሜቴ ራሷ አንዷን ይዛ ደፉ ላይ ቁጭ ብላለች። ከዚያ ወዲያ አይጦቹ እዚያ ቤት መግባት ፈሩ። ጎታው ውስጥ ግን የቀረችው አንዲት ጭብጥ ብቻ ናት፤ የሌላው ሰው ድመት ደግሞ ገና እንደታሰረ ነው። ይርገዱ ጎረቤቶቿን «ፍቱ» ብትላቸው «አንቺ ጾም አፍርሰሽ እኛንም ልታስፈርሺ?» አሏት።

ፋሲካ ሆነ። ጀንበር ልትገባ ስትል፣ ነጭ ጋቢ እስከ ምድር የለበሱት እንግዳ እንደገና መጡ። የበግ ሙዳ ይዘዋል።

«ቤቶች! እንኳን አደረሳችሁ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን! ይግቡ እንጂ!» አለች ይርገዱ።

«የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል። ይህ ለድመቲቱ ነው። አስራባችኋት፤ አጥግቧት፣ ትረፍ እሷም» አሉና ሥጋውን በደፉ ላይ ወደ ውስጥ ወረወሩት። ሲወረውሩ ጋቢው ከፍ አለ፤ ደብሪቱ የእግራቸውን ጥፍር አየች። ማጭድ ያህላል።

«እማ! ጭራቁ ነው!» እስክትል ሄዷል። «እሜቴ፣ አትብዪው!» ብላ ብትዞር፣ እሜቴ ግማሹን ጨርሳለች።

መርዝ የለበትም፣ አትደንግጡ። ጭራቁ ያሰበው ሌላ ነው። ያሰበውም እናንተ ሁልጊዜ የምትሉትን ነው። «የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም» ትሉ የለም? እሱም ልክ እንደናንተ ነበር የሚያስበው።

እሜቴ ሆዷ መሬት እስኪነካ በላች። ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ጭራቁ ከአይጦቹ አለቃ፣ ከአውራዋ አይጥ ጋር እያወራ ነው» አለች። «‹ድመቲቱ ጠግባለች፣ ትተኛለች። ገብተሽ የመጨረሻዋን ጭብጥ አውጪ። ስትጨርሺ ሦስት ጊዜ ጩኺልኝ፤ በሩን ሰብሬ እገባለሁ› ይላታል።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አለች ደብሪቱ።

እሜቴ አዛጋች። ተጠቀለለች። ተኛች!

«እሜቴ! እሜቴ!» ዞር አትልም። አልተመቻትማ።

ይርገዱ አበጀን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጥግ ያዘች። ደብሪቱ ዱላ ይዛ ጎታው ሥር ቆመች። አትሰማም። አታይም። ከደጅ፦

«ጎታው ጎታው፣ ጎደልህ ወይ?
እህሉ እህሉ፣ አለቅህ ወይ?
ካለ ልመለስ፣ ካለቀ ልግባ!»

«አለ! ስማው! ሂድ ከዚህ!»

«ዛሬ አልሄድም» አለ ጭራቁ። «ዛሬ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

አውራዋ አይጥ ገባች። ደብሪቱ አልሰማችም። በእግሯ ሥር አለፈች። ደብሪቱ አላየችም። ጨርቁን ልትቦጭቅ ጥርሷን አሳረፈች፤ ክር አንዲት ብቻ፣ ኮሽ አለች።

የእሜቴ አንድ ጆሮ ዞረ። ዓይኗ ገና አልተከፈተም፣ ጆሮዋ ብቻ። ቀጥሎ ሁለተኛው ጆሮ ዞረ። ቀጥሎ ዓይኗ ተከፈተ። ያ ሁሉ ሆድ ከመሬት ተነሣ። ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ሸሽጋ፣ ሳታንኮሻኩሽ፣ በደረቷ ተሳበች። ቂጧን ወዘወዘች። ዘለለች! አፍንጫዋ ሥር ያለውን እሷም አታይም፤ ስለዚህ ጢሟ ወደፊት ተወርውሮ አይጧ የት እንዳለች ዳስሶ ነገራት። ጥፍሯ ወጣ። ያዘቻት!

አውራዋ አይጥ ጢጥ! አለች።

«አንድ» አለ ጭራቁ ከደጅ።

«ግደያት! ቶሎ ግደያት!» አለች ደብሪቱ።

እሜቴ ግን ለቀቀቻት። አይጧ ጥርሷን አግጣለች። ሮጠች፤ እሜቴ በመዳፏ መታ አድርጋ ያዘቻት። ጢጥ!

«ሁለት» አለ ጭራቁ። በሩ ጠጠጥ አለ፤ ትከሻውን አስደግፎበታል።

ያኔ ነው ደብሪቱ የገባት። ጎታው ውስጥ ጭብጧ እንዳለች ናት። አንዲት ፍሬ አልወጣችም። ጭራቁ ግን እየቆጠረ ነው! አሁን «ግደያት» አላለችም። አፏን በእጇ ያዘች።

እሜቴ ለቀቀች። አይጧ ሮጠች። እሜቴ ያዘች። ዝም። አውራዋ አይጥም ገብቷታላ! ጌታዋን ልታድን ጥርሷን ነክሳ፣ ከንፈሯን ገጥማ ዝም አለች። እሜቴ ለቀቀች፣ ያዘች። ዝም። ለቀቀች፣ ያዘች። ዝም።

«ምን ሆነሻል፣ አልጨረስሽም?» አለ ጭራቁ። ድምፁ ውስጥ ጥርጣሬ ገባ። አንድ እርምጃ ወደኋላ ሲል ተሰማ።

አይጥ የምትፈራው ደብሪቱ፣ ታስታውሳላችሁ አይደል? ሄደች። በባዶ እግሯ የአይጧን ጅራት ግጥም አድርጋ ረገጠችው።

ጢጥጥጥጥጥ!

«ሦስት!» አለ ጭራቁ። በሩ ጓ! አለ። ጥርሱ ገባ፣ ሆዱ ገባ፣ እጁን ወደ አበጀ ዘረጋ፣ እግሩም ደፉን ረገጠ።

«ጎታው ጎታው፣ አልጎደለም!» አለች ደብሪቱ። «እህሉ እህሉ፣ አላለቀም!»

ጭራቁ እግሩን አየ። ጥፍሩ ገለባ። ቁርጭምጭሚቱ ገለባ። «ቆይ!» አለ። ጉልበቱ ገለባ። «ጠግባ ነበር እኮ!» አለ። ሆዱ ገለባ። «በእጄ አጥግቤያት…» አለ፤ አፉም ገለባ ሆነ። በበሩ ነፋስ ገባና በተነው። አበጀ ሦስት ጊዜ አስነጠሰ። ይኸው ነው፤ ጭራቁ አለቀ።

በማግሥቱ መንደሩ ተሰብስቦ ወደ ዋሻው ወጣ። ብርቄና በሌላ ቀን ከየቤቱ የተወሰዱ ልጆች እዚያው ተገኙ፤ ከመወፈራቸው የተነሣ በዋሻው በር አልወጣ ይላሉ። የተዘረፈው እህልም ክምር ሆኖ ተገኘ። ዘሩ ለዘር፣ የሚበላው ለምግብ ተካፍለው በየጎታቸው መለሱት። አያ ዘገዬ ልጁን አዝሎ እያለቀሰ ነው የወረደው።

መምሬ ተድላም ከገዳም ተመለሱ። ጾሙ አልቆም ፈቺ ያጡትን ድመቶች ሲያዩ መስቀላቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። «ለመሆኑ ማን ነው ክርስትና ያነሣቸው?» አሉ። ሰው መሬት መሬት አየ። «ጾም የሰው ነው። እግዜር ለድመት ሥጋ የሚበላ ሆድ ሰጥቷት ሳለ እናንተ ሽሮ ትሰጧታላችሁ? ፍቱ! አሁኑኑ ፍቱ!» ሁሉም ሮጠ።

ያን ዕለት ማታ ደብሪቱ እሜቴን ጭኗ ላይ አደረገቻት። «ጠግበሽ አልነበር?» አለቻት። «ለምን ያዝሻት?»

«ሆዴ ጠግቧል፤ ጆሮዬ መች ጠገበ?» አለች እሜቴ። «አይጥ አንዲት ጉርሻ ናት፣ አትበቃኝም። ለአደን ስሄድም ሁልጊዜ አላገኛትም። እስክራብ ብጠብቅ ደግሞ አይተሽኛል፤ የተራበች ድመት ተራምዳ ትወድቃለች። ስለዚህ ኮሽ ሲል እነሣለሁ። ብራብም ብጠግብም እነሣለሁ። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ግማሽ ሕይወት ያላት አይጥ እያመጣች አስተማረችኝ። አንቺንም ላስተምርሽ ሞክሬ ነበር፤ አይሆንልሽም እንጂ።»

ደብሪቱ ሳቀች። «ሌላም ንገሪኝ» አለቻት።

«በቃ፣ ብዙ አወራሁ። ሳወራ አይጥ ድምፄን ትሰማለች» አለች እሜቴ። ያ የመጨረሻ ቃሏ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድመት ከሰው ጋር አያወራም፤ ሥራ ላይ ነዋ። አንዳንድ ማለዳ ግን የሞተች አይጥ አምጥታ ደጃፋችሁ ላይ ታስቀምጣለች። እናንተም «ውይ፣ ቆሻሻ!» ብላችሁ ታባርሯታላችሁ። ባለጌዎች! ለደብሪቱ እንዳመጣችው ለናንተም አምጥታ ነው። ደብሪቱ «ተባረኪ» ነበር የምትላት።

ተረቴ አለቀች። «ትውጣ!» በሏት።

ቆይ ቆይ፣ ዝም በሉ። ድመታችንን እዩዋት፤ ቅድም ተኝታ ነበር አይደል? አንድ ጆሮዋ ዞሯል። ምን ሰማችሁ? ምንም? እኔም ምንም አልሰማሁም።

እሷ ግን ሰምታለች። እግራችሁን ሰብስቡላት፣ ትለፍ።